ከሥራ ሰዓት በኋላ፤ የጓሮ ትራክተርና ወዳጆቹ

ሰው የዕለት እንጀራውን ከሚያገኝበት ሥራ ሌላ፥ ለልቡ ደስታ ብቻ የሚሠራው ሥራ ይኖረዋል። አንዱ ቴምብር ይሰበስባል፤ ሌላው ርግብ ያረባል፤ ሦስተኛው ማታ ማታ ክራሩን ይቃኛል። በአሜሪካን አገር ደግሞ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ቱታውን አጥልቆ፥ እጁን እስከ ክርኑ በግሪስ ነክሮ፥ አባቱ ልጅ ሳለ የተሠራችውን አንዲት ትንሽ ትራክተር እየፈታ የሚገጥም ሰው አለ። ብዛቱም ጥቂት አይደለም። ጎረቤቱ «ይህን ሁሉ ወር ከምትደክም አዲስ አትገዛም?» ብሎ ቢጠይቀው፥ ፈገግ ብሎ ወደ ቡሎኑ ይመለሳል እንጂ መልስ አይሰጥም።

ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎች ላስተዋውቅ የፈለግሁት ይህን ሰውና ትራክተሩን ነው። ነገሩ ሩቅ ቢመስልም እኛንም የሚነካ ቁም ነገር አለበት፤ እርሱንም ወደ በኋላ እንደርስበታለን። ዘመኖቹን የምጠቅሰው፥ ሌላ ካላልሁ በቀር፥ በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ነውና በመጀመሪያ የጓሮ ትራክተር ማለት ምን እንደሆነ እንወቅ። በአርሲ ወይም በባሌ የስንዴ ማሳ ላይ የምናየው ትልቁ ትራክተር አይደለም። ቁመቱ ከሰው ወገብ እምብዛም አያልፍም፤ ጉልበቱም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከ7 እስከ 10፥ በኋላም እስከ 20 ገደማ የፈረስ ጉልበት ነበረ። ይሁን እንጂ ሣር ከማጨድ በቀር ሌላ ሥራ ከማያውቀው ቀላል መኪና ጋር መቀላቀል የለበትም። የጓሮ ትራክተር የተባለው የብረት አካሉ ከባድ፥ የማርሽ ሳጥኑ ጠንካራ፥ የኋላ ጎማው ሰፊ ሆኖ፥ አንድ ማረሻ ጎትቶ ፈር መቅደድ የሚችለው ነው። በአጭሩ፥ የትልቁ ትራክተር ታናሽ ወንድም ነው።

ልደቱም እንዲህ ነው። በዌስት ቨርጂኒያ ይኖር የነበረ ቤንጃሚን ግሬቭሊ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ፥ የአትክልት ቦታውን በእጅ መኮትኮት ቢሰለቸው፥ የሞተር ብስክሌት ክፍሎችን አገጣጥሞ፥ ሰው ከኋላ እየተከተለ የሚነዳው የሞተር ማረሻ ሠራ። ለዚህም ፍልሰፋ በ1916 የባለቤትነት መብት አገኘ። ግሬቭሊ የሚለው ስም እስከ ዛሬ ድረስ በሣር ማጨጃ መኪናዎች ላይ ይነበባል።

ነገር ግን የጓሮ ትራክተር እውነተኛ ዘመኑን ያገኘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ወታደሮቹ ወደ አገራቸው ተመልሰው ትዳር ሲይዙ ቤት አስፈለጋቸው፤ ከከተማ ወጣ ባለው ሜዳ ላይም አዳዲስ መንደሮች ተሠሩ። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የታወቀው በኒውዮርክ አጠገብ በ1947 የተጀመረው ሌቪታውን ሲሆን፥ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ17,000 በላይ ቤቶች ተሠርተውበታል። እያንዳንዱ ቤት በዙሪያው ሣር ነበረው። ሣር ደግሞ ባለቤቱ ተኛ፥ ታመመ፥ ደከመው ብሎ ማደጉን አይተውም። ዛሬም በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቤት የገዙ ወገኖቻችን ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቁታል፤ በብዙ ሰፈር ሣሩ ከልክ በላይ ሲያድግ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፥ ቀጥሎም ቅጣት ይከተላል። መሬታቸው ሰፋ ያለ፥ ጥቂት አትክልትም የሚተክሉ ሰዎች እንግዲህ በእጅ ከሚገፋው ማጨጃ ከፍ ያለ፥ ከእርሻ ትራክተር ዝቅ ያለ መኪና ፈለጉ።

ይህን ፍላጎት ቀድሞ ካዩት አንዱ በኢንዲያና ክፍለ ግዛት፥ በሳውዝ ቤንድ ከተማ፥ በ1946 ሥራ የጀመረው የፖንድ ቤተሰብ ነው። ቀይ ቀለም ለተቀባችው ትራክተራቸው «ዊል ሆርስ» የሚል ስም አወጡላት። ይህ ቃል በሠረገላ ከተጠመዱት ፈረሶች መካከል ለመንኮራኩሩ ቅርብ የሆነውን፥ ማለት ሸክሙን ይበልጥ የሚችለውን ብርቱ ፈረስ የሚያመለክት ነው። ስሙ ለትንሽ ትራክተር እንዴት እንደሚስማማ ጥማድ በሬ ያየ ሰው ሁሉ ይረዳዋል። ቀጥሎም ትልልቆቹ የእርሻ መሣሪያ ሠሪዎች ወደ ገበያው ገቡ። ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር በ1961 ቢጫና ነጭ የሆነችውን «ከብ ካዴት» በ7 የፈረስ ጉልበት አቀረበ፤ በ1963 ደግሞ ጆን ዲር በዊስኮንሲን፥ በሆሪኮን ፋብሪካው አረንጓዴና ቢጫዋን «110» የተባለችውን አወጣ። በትራክተር ወዳጆች ዘንድ ቀለም እንደ ባንዲራ ነው፤ ከሩቅ ቀይ፥ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሲያዩ የማን ወገን እንደሆነች ይለያሉ።

ስለ ቀለም ካነሣን የጆን ዲርን አንድ ታሪክ ልጨምር። ከ1969 እስከ 1971 ኩባንያው የቤቶቹን ባለቤቶች ለማስደሰት አስቦ፥ አካላቸው ነጭ፥ ኮፈናቸውና ወንበራቸው ግን በቀይ፥ በብርቱካን፥ በሰማያዊ ወይም በቢጫ የሚመረጥ ትራክተሮች ሸጠ። ገዢው ግን አረንጓዴውን ለምዶ ነበርና ገበያው አልደራም፤ አንዳንድ ሻጮችም አልሸጥ ሲላቸው መልሰው አረንጓዴ ቀቧቸው ይባላል። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። በዚያን ጊዜ ፈላጊ ያጡት ባለ ልዩ ቀለሞቹ አሁን ሰብሳቢዎች ከሁሉ አብልጠው የሚሹአቸው ሆነዋል።

አሁን ወደ ልቡ፥ ማለት ወደ ሞተሩ እንግባ። በእነዚያ ዘመናት ከተሠሩት የጓሮ ትራክተሮች በብዙዎቹ ላይ የሚገኘው የኮህለር ኩባንያ ሞተር ነው። ይህ ስም የመታጠቢያ ገንዳና የእጅ መታጠቢያ ለገዛ ሰው እንግዳ አይሆንም፤ ኩባንያው ያው ነው። ሞተሩ ባለ አንድ ሲሊንደር ሲሆን የሚቀዘቅዘውም በውሃ ሳይሆን በነፋስ ነው። ሲሊንደሩ ከቀለጠ ብረት ወፍራም ሆኖ የተቀረጸ ነው። የምስጢሩ ቁልፍ በዚህ ላይ ነው። ፒስቶኑ ለብዙ ዓመታት ሲመላለስ የሲሊንደሩን ግድግዳ ይበላዋል፤ ሞተሩም ዘይት ማጨስና መድከም ይጀምራል። ግድግዳው ወፍራም ብረት ስለሆነ ግን ባለሙያ ወስዶ በጥቂቱ ያሰፋዋል፤ ከቀድሞው በሩብ ሚሊሜትር የሚበልጥ ፒስቶን ይገባበትና ሞተሩ እንደ አዲስ ይሆናል። እንደገና ሲበላ ግማሽ፥ ለሦስተኛም ጊዜ ሦስት ሩብ ሚሊሜትር ማስፋት ይቻላል። ሠሪዎቹ ሞተሩ አንድ ቀን እንደሚያረጅ ዐውቀው፥ እንዲጠገንም አድርገው ሠሩት ማለት ነው። ዛሬ በርካሽ ከሚሸጡት ብዙ ትንንሽ ሞተሮች ጋር የሚለያዩትም በዚህ ነው፤ እነዚያ ሲያልቁ የሚጣሉ ናቸው።

ሌላም ተማሪዎቼን የሚያስደንቅ ነገር አለ። በእነዚህ ትራክተሮች በብዙዎቹ ላይ ሞተሩን የሚያስነሣውና ባትሪውን የሚሞላው አንድ ዕቃ ነው። ቁልፉ ሲዞር ከባትሪው ኤሌክትሪክ ተቀብሎ በቺንጋ ሞተሩን ያዞራል፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ሞተሩ እርሱን ያዞረውና ኤሌክትሪክ አመንጭቶ የሰጠውን ለባትሪው ይመልሳል። የፊዚክስ መጽሐፍ በአሥር ገጽ የሚያስተምረውን ይህ ብረት በአንድ ደቂቃ ያሳያል።

እንግዲህ ከጎተራ ጥግ፥ የዶሮ ኩስ የወረደባት፥ ጎማዋ የተኛ፥ ሃያ ዓመት ያልተነሣች ትራክተር ተገኘች እንበል። የሚያድሳት ሰው ከምን ይጀምራል? ልምድ ያላቸው ሰዎች በመጀመሪያ የሚሉት «አትቸኩል» ነው፤ እኛስ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንል የለምን? ሞተሩ ከዝገት የተነሣ ተይዞ እንደሆነ በጉልበት ማዞር ፒስቶን ያሰብራል። ስለዚህ ካንዴላው ይፈታና በቀዳዳው ቀጭን ዘይት ይፈስበታል፤ ከዚያም ቀናት፥ ምናልባትም ሳምንታት ይታገሡታል። ዘይቱ በዝገቱ መካከል ቀስ ብሎ ገብቶ አንድ ቀን መሽከርከሪያው በእጅ ሲነኩት ይነቃነቃል። ይህችን ቅጽበት ያዩ ሰዎች ደስታውን ሲያወሩ የታመመ ልጅ ዓይኑን እንደገለጠ ያህል ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመረመሩት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እሳት፥ ነዳጅና እምቅ አየር። እሳቱን የሚቆጣጠሩት እየተገናኙ የሚለያዩ ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች ናቸው። በዝገት ከተሸፈኑ ይጠረጋሉ፤ ሲለያዩም በመካከላቸው ያለው ክፍተት ግማሽ ሚሊሜትር ያህል እንዲሆን ይስተካከላሉ። ነዳጁን በሚመለከት፥ ከብዙ ዘመን የቆየ ቤንዚን ተንኖ እንደ ሙጫ ያለ ዝቃጭ ይተዋል፤ ያም የካርቡራቶሩን ጠባብ ቀዳዳዎች ይደፍናል። ካርቡራቶሩ ተፈትቶ ይታጠባል፤ ቀዳዳው ሁሉ በአየር ይነፋል። እምቅ አየሩ የሚያመልጥ ከሆነ ቫልቮቹ ይታያሉ። ሦስቱ ተሟልተው የማይነሣ ሞተር የለም፤ የማይነሣም ቢሆን ከሦስቱ አንዱ እንደጎደለ መጠርጠር ነው።

ጠንቃቃ ሰው የፈታውን ሁሉ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ቡሎኖቹን በየሣጥኑ ለይቶ ከየት እንደወጡ ይጽፍባቸዋል። ከሁሉ የሚልቀው መሣሪያም ይህ መዝገብ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ሲገጥም የሚያስታውሰው ጭንቅላቱ ሳይሆን ወረቀቱ ይሆናል።

ቀለም መቀባት ላይ ሲደርሱ ወዳጆቹ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ላሜራውን እስከ ባዶ ብረት ፍቆ፥ ዝገት ከልካይ ቀለም አልብሶ፥ በመጨረሻም የፋብሪካውን ቀለም ቀብቶ፥ ጽሑፉን እንኳ እንደ ጥንቱ አሳትሞ ይለጥፋል፤ ትራክተሯ ከመስተዋት ቤት የወጣች ሙሽራ ትመስላለች። ሁለተኛው ወገን ሞተሩን ያድስና ቀለሙን አይነካም። በወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ያበሱት፥ ፀሐይ ያደበዘዘው፥ ቅርንጫፍ የጫረው ቀለም የኑሮዋ ታሪክ ስለሆነ አይፋቅም ይላል። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ አዲስ ቀለም ማንም ሰው በማንኛውም ቀን ሊቀባ ይችላል፥ የሃምሳ ዓመት መዳከር ግን ከሱቅ አይገዛም። ይሁን እንጂ ዝገቱ ብረቱን እየበላው ከሆነ ታሪክ ነው ብሎ መተው ጥበብ አይደለም።

የታደሰችው ትራክተር ለጌጥ ብቻ አትቀመጥም። በበጋ ሣር ታጭዳለች፤ በክረምት ከፊቷ በታሰረ ሰፊ ብረት በረዶ ትጠርጋለች፤ በመካከሉ እንጨትና አፈር በጋሪ ትጎትታለች። ከሁሉ ይልቅ የሚወዱት ግን የእርሻ ቀናቸውን ነው። አንድ ገበሬ ማሳውን ይፈቅድላቸዋል፤ በአሥር የሚቆጠሩ ትንንሽ ትራክተሮች በሠልፍ ይገቡና እያንዳንዱ አንዲት ማረሻውን ጎትቶ ፈሩን ያወጣል። አንዱ ጎማ በቀደመው ትልም ውስጥ እየሄደ ማረሻው ቀጥ እንዲል ማስተካከል ሙያ ይጠይቃል፤ የጠመመ ፈር ያወጣ ሰው የዕለቱ መሣቂያ ይሆናል። አዛውንቱ ለወጣቱ ያሳያሉ፤ ወጣቱም አዛውንቱ ያጡትን መለዋወጫ ፈልጎ ያገኛል። ዊል ሆርስ በ1974 ለአሜሪካን ሞተርስ፥ በ1986 ደግሞ ለቶሮ ኩባንያ ተሸጠ፤ ከብ ካዴትም በ1981 ወደ ሌላ ባለቤት ተላለፈ። የቀድሞዎቹ ሠራተኞች አልፈዋል ወይም አርጅተዋል። የእነዚህን መኪናዎች አሠራር የሚያውቅ፥ የጠፋውን ጥርስ አስቀርጾ የሚሠራ፥ የመመሪያውን መጽሐፍ ጠብቆ ለሌላው የሚያባዛ አሁን ፋብሪካው ሳይሆን ይህ የወዳጆች ማኅበር ነው።

አደጋውንም ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም። አሮጌ ትራክተር እንደ ዘመኑ መኪና ነጂው ከወንበሩ ሲነሣ በራሱ የሚጠፋ አይደለም፤ ወድቆ እንኳ ማጨጃው ይሽከረከራል። በተዳፋት ላይ ወደ ጎን መንዳት ይገለብጣልና ሽቅብና ቁልቁል መሄድ ይሻላል። የጥንቱ ቀለም እርሳስ፥ የፍሬኑ ሸራም አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል፥ ብናኙን መተንፈስ ለሳንባና ለአንጎል ጠንቅ ነው። አፍና አፍንጫውን በደንብ ሳይሸፍን የሚፍቅ፥ ልጆቹንም አጠገቡ የሚያስቀምጥ ሰው ትራክተር እያዳነ ቤተሰቡን ይጎዳል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው? አንዳንዱ አንባቢ «የጠገበ ሰው ጨዋታ» ይል ይሆናል። በከፊል እውነት ነው። አሜሪካዊው የሚያድሰው ስለወደደ ነው፤ እኛ የምንጠግነው ስለቸገረን ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ የወረደ ሰው ግን ሙያው እንደማይለያይ ይመሰክራል። በዚያ ስፍራ ሌላው ዓለም የጣለው ብረት ምድጃ፥ ማረሻ፥ ሳጥን ሆኖ እንደገና ይወለዳል። የሚለየው ለባለሙያው የምንሰጠው ክብር ነው። እዚያ ባንክ ውስጥ ሲሠራ የዋለ ሰው እጁ ግሪስ መንካቱን ለወዳጆቹ በኩራት ያሳያል፤ እዚህ ግን የተማረ ሰው ካቻቪቴ ይዞ ቢታይ «ምን ነካው?» ይባላል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛውን በሥራው መስደብ እንዲቀር በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን መልኩን ለውጦ በየቤታችን ይኖራል።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ፥ የአትክልቱን ቦታ ያጠጣ የነበረ አንድ የውሃ መሳቢያ ሞተር «ተበላሽቷል» ተብሎ ሦስት ዓመት ተቀምጦ ነበር። ባለ አንድ ሲሊንደር፥ በነፋስ የሚቀዘቅዝ፥ በአሠራሩ የእነዚያ ትራክተሮች ሞተር የሥጋ ዘመድ ነው። በብዙ ደብዳቤ ከተፈቀደልን በኋላ ከአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ፈታነው። ሕመሙ የደረቀ ቤንዚን የደፈነው ካርቡራቶርና ያረጀ ካንዴላ ሆኖ ተገኘ፤ ወጪው ከአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ አልደረሰም።

በመካከሉ ግን ከተማሪዎቹ የአንደኛው አባት መጡ። «መምህር፥ ልጄን የላክሁልዎ ሐኪም እንዲሆንልኝ እንጂ የጋራዥ ረዳት እንዲሆን አይደለም» አሉኝ። ቁጣቸው ከፍቅር የመጣ እንደሆነ ይታወቅ ነበር፤ እርሳቸው በጉልበታቸው ሠርተው ያስተማሩት ልጅ ወደ ጉልበት ሥራ እንዳይመለስባቸው ፈርተዋል። እኔም «አባባ፥ ሐኪምም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ምልክቱን አይቶ፥ ምክንያቱን በተራ መርምሮ፥ ያልሆነውን እያስወገደ ወደሆነው ይደርሳል። ልጅዎ ይህን ዛሬ በብረት ላይ ከተማረ ነገ በሰው ላይ አይቸኩልም» አልኋቸው። ዝም ብለው ሰምተውኝ ሄዱ። እንደተስማሙ አልነገሩኝም፤ ልጁ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሁሉ ቀድሞ መጣ።

ነገሩ ከትምህርት ቤትም አልፎ ይሄዳል። የአገራችን ገበሬ የብዙው መሬት ጥቂት ጥማድ ነው፤ ትልቁ ትራክተር በዚያ ላይ መዞሪያ እንኳ አያገኝም። ለዚህም ነው ከ2013 ወዲህ ሰው ከኋላ የሚከተላቸው ባለ ሁለት ጎማ ትንንሽ ትራክተሮች በኢትዮጵያ በአንዳንድ ወረዳዎች የተሞከሩት። በሐሳብ የግሬቭሊ ማረሻ የልጅ ልጆች ናቸው። ነገር ግን እንዲህ ያለው መኪና በአንድ መንደር ዕድሜ የሚኖረው ካንዴላውን የሚያወጣ፥ ካርቡራቶሩን ወይም የነዳጅ ማጣሪያውን የሚያጥብ ሰው በዚያው መንደር ሲገኝ ነው። ያ ሰው ከሌለ ዛሬ በጭብጨባ የተረከቡት መኪና ከነገ ወዲያ የዶሮ መስፈሪያ ይሆናል።

ስለዚህ ለወላጆችና ለመምህራን የማቀርበው ልመና ትንሽ ነው። በየቤታችሁና በየመሥሪያ ቤታችሁ የቆመ የወፍጮ ሞተር፥ የውሃ መሳቢያ ወይም የእግር ስፌት መኪና ካለ፥ ለሽያጭ ከመመዝገባችሁ በፊት ለአንድ ወር ያህል ለልጆች ፍቀዱላቸው። አጠገባቸው የሚያውቅ ሰው ይኑር፤ ቤንዚኑ ይቀዳ፤ ባትሪው ይነቀል። ለእያንዳንዱ ቡሎን ማስቀመጫ የሚሆን ባዶ ጣሳና አንድ ደብተር ስጧቸው። ቢሠራ ዕቃ አገኛችሁ። ባይሠራም ልጁ በውስጡ ያለውን አይቶታልና ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ መኪና ቀጥ ሲል ከመምታቱ በፊት ማሰብ ይጀምራል።